አሮጌዎቹን ኮምፒዩተሮች ማን ቈጠራቸው?

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ማለትም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ካበቃ ወዲህ በየላቦራቶሪው አንድ ዓይነት ቃል ይሰማል። «እነዚህ ኮምፒዩተሮች አርጅተዋል፤ ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም፤ እንግዲህ ከመዝገብ ተሠርዘው ግምጃ ቤት ይግቡ» ይባላል። በአንዱ ክፍል የተነሡት ተነሥተው ጠረጴዛው ባዶውን ቀርቷል፤ በሌላው ደግሞ ተራቸውን ይጠብቃሉ። የሚተኩት መቼ እንደሚመጡ ግን የሚናገር አልተገኘም። በዚህ መካከል የፕሮግራም ትምህርት የሚማረው ተማሪ ሦስትና አራት እየሆነ በአንድ ስክሪን ላይ ተደራርቦ ይቀመጣል፤ አንዱ ይጽፋል፤ ሌሎቹ ያያሉ። ማየት መማር ከሆነማ እኛም ስንት ኳስ ስላየን ብሔራዊ ቡድን በገባን ነበር።

በዚህ ርእሰ አንቀጽ የምናነሣው ጥያቄ አጭር ነው። «አርጅተዋል» የሚለው ፍርድ በማን ተሰጠ? መለኪያውስ ምን ነበር? ጉዳዩ የንብረት ክፍል ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ሥሩ ግን ከርነል በሚባለው የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ የኮምፒዩተር ሳይንስ ያልሆኑት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጥቂት እንዲታገሡን እንለምናለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከርነል የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ የፍሬ አስኳል ማለት ነው። የምንጽፍበት፣ የምናሰላበት፣ ሥዕል የምናይበት ፕሮግራም ሁሉ ብረቱን በቀጥታ አይነካም፤ በመካከል ከርነሉ አለ። ፕሮሰሰሩ ለማን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጥ፣ ሜሞሪው እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ከዲስኩ ማን እንደሚያነብና ማን እንደሚጽፍ የሚወስነው እሱ ነው። የብረቱን ጠባይ ማወቅ ያለበትም እሱ ስለሆነ ለየኔትዎርክ ካርዱ፣ ለየስክሪን ካርዱ፣ ለየፕሮሰሰሩ ዓይነት የተለየ ኮድ ይዟል። «ይህ ኮምፒዩተር ይደገፋል» ሲባል ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ጠባዩን የሚያውቅ ኮድ በከርነሉ ውስጥ አለ፤ ያንን ኮድ የሚጠብቅ ሰውም አለ። አንባቢ ሁለተኛውን ነገር እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ብዙዎች የሚረሱት እሱን ነውና።

ለምሳሌ ሊኑክስን እንውሰድ፤ ኮዱ ለሁሉ የተገለጠ ስለሆነ ምን እንደ ገባና ምን እንደ ወጣ ማንም ሊያየው ይችላል። ሊኑክስን የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 በፊንላንድ አገር የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። የሠራበትም ኢንቴል 386 ፕሮሰሰር ያለው የራሱ ኮምፒዩተር ነው። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ሥራውን ለሌሎች ሲያስታውቅ፣ እሱ ካለው ዓይነት ሃርድ ዲስክ በስተቀር ሌላ ይደግፋል ብሎ እንደማይጠብቅ ገልጾ ነበር። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ በጠረጴዛው ላይ ያለው እሱ ብቻ ነበርና። ዛሬ ይኸው ከርነል ከእጅ ስልክ ጀምሮ በዓለም ላይ እስካሉት ታላላቅ የስሌት ኮምፒዩተሮች ድረስ ይሠራል። እዚህ የደረሰውም ሌላ ዓይነት ዲስክና ሌላ ዓይነት ካርድ ያለው ሰው ሁሉ ተነሥቶ «በእኔ ጠረጴዛ ላይ ያለውም ይግባ» እያለ ኮዱን ጽፎ ስላመጣ ነው።

ታዲያ ያ 386 ራሱ ምን ደረሰበት? በዲሴምበር 2012 ከከርነሉ እንዲወጣ ተወሰነና በ2013 መጀመሪያ የታተመው 3.8 የተባለው እትም ያለ እሱ ተሠራ። ይህን ሲሰሙ አንዳንዶች ሊነስ ውለታ ቢስ ነው ይሉ ይሆናል። እኛ ግን ውሳኔው ትክክል ነበር እንላለን። ምክንያቱን ዘርዘር አድርገን መናገር ይገባናል፤ በጭፍን የአሮጌ ጠበቃ ተብለን እንዳንታማ።

ሁለት ፕሮግራሞች አንድን የሜሞሪ ገጽ በጋራ ይይዙ ዘንድ ከርነሉ ገጹን «ለማንበብ ብቻ» ብሎ ያትመዋል። ከሁለቱ አንዱ ሊጽፍበት ሲነሣ ፕሮሰሰሩ ያስቆመዋል፤ ከርነሉም ለጸሐፊው የተለየ ቅጂ ይሰጠዋል። ይህ ዘዴ ብዙ ሜሞሪ ያተርፋል። 386 ግን አንድ ክፉ ጠባይ ነበረበት። ተራ ፕሮግራም ሲጽፍ ያስቆማል፤ ከርነሉ ራሱ በፕሮግራሙ ስም ሲጽፍ ግን ማኅተሙን ከቶ አይመለከትም። ስለዚህ ከርነሉ በጻፈ ቁጥር አስቀድሞ በራሱ ኮድ መመርመር ነበረበት። ይህ ጉድለት በ1989 በወጣው 486 ታረመ። ሁለተኛም፣ አንድን ቁጥር አመሳክሮ በሌላ ቁጥር የመተካቱን ሥራ ሳይቋረጥ በአንድ ትእዛዝ የሚፈጽም መሣሪያ በ386 ላይ አልነበረም። ብዙ ፕሮሰሰር አብሮ በሚሠራበት በዛሬው ኮምፒዩተር ይህ ትእዛዝ የሥራው ሁሉ መሠረት ነው። ስለዚህ የከርነሉ ጸሐፊ አዲስ ነገር ባሰበ ቁጥር «በ386 ላይስ እንዴት ይሆናል?» እያለ የጎን መንገድ መጥረግ ግድ ሆኖበት ነበር። ኢንቴል ራሱ 386ን ማምረት ያቆመው በ2007 ነው። በ2012 አዲሱን ከርነል በ386 ላይ ጭኖ የሚፈትን ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ማንም ለማያልፍበት መንገድ ሁልጊዜ ድልድይ መሥራት ደግነት አይባልም።

በ2025 ደግሞ ያው ጥያቄ ለ486 ተነሣ። በዚያ ዓመት ከከርነሉ አዛውንት ሠራተኞች አንዱ፣ የፕሮሰሰሩን ምት የሚቆጥር ቆጣሪና ስምንት ባይት በአንድ ጊዜ አመሳክሮ የሚለውጥ ትእዛዝ የሌላቸው ፕሮሰሰሮች ሁሉ ይውጡ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ይህ ማለት 486ና ከመጀመሪያዎቹ 586 ዓይነቶች አንዳንዶቹ ይሰናበቱ ማለት ነው። ቢፈጸም 14 ሺሕ ያህል የኮድ መስመር ያስቀንሳል። ከእነዚህ መስመሮች ውስጥ ብዙው የክፍልፋይ ቁጥር ማስያ ለሌላቸው ፕሮሰሰሮች ስሌቱን በኮድ የሚያስመስለው ክፍል ነው። ሊነስም ለዚህ ጉዳይ አንዲት ሰኮንድ እንኳ የሚባክንበት ምክንያት የለም የሚል አስተያየት ሰጠ። እኛም 486 ይዘን አንከራከርም። በላቦራቶሪያችን ያሉት የተሠሩት ከእሱ ሃያ ዓመት ያህል በኋላ ነው።

ማንም የማያየው አሮጌ ኮድ ቦታ በመያዝ ብቻ አያበቃም፤ አደጋም ያመጣል። ያልተገላበጠ ያራል ይሉ የለም? በ2015 በሜይ ወር «ቬኖም» የተባለ ጉድለት ተገለጠ። ጉድለቱ የተገኘው ኪዩ-ኢሙ በሚባለው፣ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር አስመስሎ በሚያሠራው ፕሮግራም ውስጥ ነው። በዚያ ፕሮግራም የፍሎፒ ዲስክ መቆጣጠሪያን የሚያስመስል ኮድ ነበረ፤ ጉድለቱም ከ2004 ጀምሮ እዚያው ተኝቶ ኖሯል። ፍሎፒ የሚጠቀም ሰው በጠፋበት ዘመን በዚያ ቀዳዳ ከአስመሳዩ ኮምፒዩተር ሾልኮ አስተናጋጁን ለመያዝ ይቻል ነበር። ይባስ ብሎ ባለቤቱ «ፍሎፒ አልፈልግም» ብሎ ቢዘጋውም እንኳ ጉድለት ያለበት ኮድ ንቁ ሆኖ ይቀር ነበር። ሌላም ምሳሌ አለ። በ2018 መጀመሪያ ሜልትዳውን የተባለው የፕሮሰሰር ጉድለት ሲታወቅ፣ ሊኑክስ ለ64 ቢት ኮምፒዩተሮች መከላከያውን በጃንዋሪ ወር በ4.15 እትም አወጣ። የ32 ቢቶቹ ግን እስከ ኦክቶበር፣ እስከ 4.19 እትም ድረስ ጠበቁ። በወረቀት ሁለቱም «የሚደገፉ» ነበሩ። በአንዱ ላይ ግን ብዙ ሰው ዓይኑን ጥሎበታል፤ በሌላው ላይ ጥቂት።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው «እንግዲያው አሮጌው ሁሉ ይጣል ማለታችሁ ነው» ይለን ይሆናል። ነገሩ የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው። መለኪያው ዕድሜ ቢሆን ኖሮ የሚከተለው ባልሆነ ነበር።

ኢታኒየም የተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር በ2001 ወጣ፤ ከኋላው ታላላቅ ኩባንያዎች፣ ብዙ ገንዘብና ብዙ ማስታወቂያ ነበረው። የመጨረሻው የተላከው በ2021 ነው። በ2023 መጨረሻ ከሊኑክስ ከርነል እንዲወጣ ተደረገና በጃንዋሪ 2024 የታተመው 6.7 ያለ እሱ ተሠራ። በአንጻሩ የሞቶሮላ 68000 ዘር በ1979 የጀመረ ነው። እነ አሚጋ፣ እነ አታሪ፣ የመጀመሪያዎቹ የአፕል ማኪንቶሾችም በዚህ ዘር ፕሮሰሰር ይሠሩ ነበር። ኢታኒየም በተሰናበተበት በዚያው እትም ውስጥ የ68000 ዘር ድጋፍ በቦታው ነበረ! የሃያ ዓመቱ ጎልማሳ ሲቀበር የአርባ ዓመቱ ሽማግሌ ቆሞ ይሸኘዋል። ልዩነቱ ከየት መጣ? ለ68000 በፈቃዳቸው የሚሠሩ ሰዎች አሉ። አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ይጭኑታል፤ ይፈትኑታል፤ ሲሰበር ይጽፋሉ፤ ማስተካከያውንም ራሳቸው ያመጣሉ። ለኢታኒየም ይህን የሚያደርግ ሰው ከከርነሉ ደጃፍ ጠፋ።

የፍሎፒውም ታሪክ እንዲሁ ነው። በ2019 የፍሎፒውን ኮድ ይጠብቅ የነበረው ሰው የሚሠራ ፍሎፒ ማግኘት ቸግሮታል ተባለ። በከርነሉ ውስጥ የየክፍሉን ጠባቂ ስም የያዘ አንድ መዝገብ አለ፤ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የክፍሉ ሁኔታ ይጻፋል። ሊነስ በፍሎፒው አጠገብ «ወላጅ የሌለው» የሚል ጻፈበት። ብዙ ሳይቆይ ሌላ ሰው ተነሥቶ «እኔ እጠብቀዋለሁ» አለ፤ ወላጅ አልባነቱም ቀረ። ይህ መዝገብ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ያለበት ይመስለናል። የመሣሪያውን ዕድሜ የሚናገር ምልክት የለውም። «የሚጠበቅ»ና «ወላጅ የሌለው» የሚል ግን አለው።

ወደ አገራችን እንመለስ። አንድ መሣሪያ ይውጣ ወይስ ይቆይ ሲባል የከርነሉ ሰዎች የሚጠይቁት «የሚጠቀምበት አለ ወይ?» ብለው ነው። መልስ የሚጠብቁትም ከሚጽፍላቸው ሰው ነው። ማን ይጽፍላቸዋል? ጀርመን አገር ያለው፣ አሜሪካ ያለው፣ ጃፓን ያለው። በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በጎንደር፣ በመቀሌ፣ በሐዋሳ በአሥርና በዐሥራ አምስት ዓመት ኮምፒዩተር የሚማረው ተማሪ ግን ኮምፒዩተሩ እምቢ ሲለው መሰኪያውን ነቅሎ ይተክላል፤ እንደገና እምቢ ካለው «ተበላሽቷል» ብሎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለው ምክር በሌላ ቦታ ደግ ይሆን ይሆናል። በዚህ ነገር ግን ዝም ያለ አፍ ከቆጠራው ይወጣል። ከቆጠራው የወጣ ደግሞ በሚቀጥለው እትም ያለ ክፋት፣ ያለ ተንኰል ይሠረዛል። የሠረዘው ሰው እኛን ጠልቶ አይደለም፤ መኖራችንን የነገረው ሰው የለም እንጂ።

ፊደላችንም ቢሆን በራሱ እግር ሄዶ ኮምፒዩተር ውስጥ አልገባም። በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 የገባው ጉዳዩን ይዘው የሚከራከሩ ሰዎች ስለነበሩት ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱን ኮድ ይጠቀም ነበር። እስከ ዛሬ በአንዳንድ መሥሪያ ቤት አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር በጥግ ተቀምጦ የሚታየው የዚያን ጊዜውን ሰነድ የሚያነበው ፕሮግራም የሚሠራው በእሱ ላይ ብቻ ስለሆነ ነው። ያንን ኮምፒዩተር «አሮጌ ነው» ብሎ የሚያወጣ ሰው ሰነዱንም አብሮ እንደሚያወጣ ይወቀው።

አሁን ስለ ዊንዶውስ 11 አንድ ነገር መለየት ይገባናል፤ በላቦራቶሪዎቻችን የተፈረደው ፍርድ የመጣው ከዚያ ነውና። ማይክሮሶፍት በ2021 ይህን እትም ሲያወጣ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ እንዲኖር ጠየቀ፤ የሚቀበላቸውን ፕሮሰሰሮችም በስም ዘርዝሮ አስቀመጠ። ከኢንቴል በኩል ዝርዝሩ ከጥቂቶች በስተቀር በ2017 ከወጣው ከስምንተኛው ትውልድ ይጀምራል። ምክንያት አልነበረውም አንልም፤ የደኅንነት ምክንያት አለው። ነገር ግን ይህ አሠራር 386 ከተሰናበተበት በጣም የተለየ ነው። 386 የወጣው ሥራውን ራሱን ስላሰናከለና የሚፈትነው ስለጠፋ ነው። የ2015 ኮምፒዩተር በዊንዶውስ 11 ደጃፍ የሚመለሰው ግን በዝርዝሩ ላይ ስሙ ስለሌለ ነው። ብረቱ ደኅና ነው፤ ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ነው፤ ትእዛዞቹን ያውቃል። በላዩ ላይ ሊኑክስ ቢጫን ያለ ችግር ይነሣል፤ የደኅንነት ማሻሻያም ያገኛል። ስለዚህ «ዊንዶውስ 11ን አይቀበልም» የሚለው ዐረፍተ ነገር «አርጅቷል፤ ይሠረዝ» ወደሚለው የሚያደርሰው በምን መንገድ እንደሆነ እኛ ፈልገን አላገኘነውም። የሻጩ የቀን መቁጠሪያ የገዢው የንብረት መዝገብ ሆኗል ማለት ነው።

በሊኑክስም በኩል ቢሆን ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ አይደለም። ከርነሉ እየደገፈ አዘጋጆቹ የሚተዉት ጊዜ አለ። ሬድ ሃት በ2025 ያወጣው 10ኛ እትም ደረጃ 3 የሚባለውን የ64 ቢት ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ ይህም በኢንቴል በኩል በ2013 ከወጣው ሃስዌል ጀምሮ ያለው ነው። የ2011 ኮምፒዩተር ያለው ሰው ይህን እትም ቢሞክር ይመለሳል፤ የዴቢያንን 13ኛ እትም ቢሞክር ግን ይገባል። ይህን ያላወቀ ሰው በአንዱ ደጃፍ ተመልሶ «ሊኑክስም አልቀበል አለው» ብሎ ቢመሰክር ምስክርነቱ ሐሰት ነው። አልማሊኑክስ የተባለው ግን የዚያኑ የ10ኛውን እትም አቻ ለደረጃ 2 ፕሮሰሰሮችም ለብቻ አዘጋጅቶ ያቀርባል። በአሮጌ ብረት የሚሠሩ ሰዎች መኖራቸውን አስቦ ነው።

እኛም ሁሉም ይቆይ አንልም። 32 ቢት ብቻ የሚሠሩት ቢሰናበቱ አንቃወምም። በ32 ቢት የሚቆጠር አድራሻ ከ4 ጊጋባይት አያልፍም፤ ከዚያም ውስጥ በተለመደው አከፋፈል ከርነሉ ለራሱ 1 ጊጋባይት ይይዛል፤ በቀጥታ የሚያየው ሜሞሪ 896 ሜጋባይት ያህል ነው። የቀረውን እየቆራረጠ እያስገባ እያስወጣ ነው የሚሠራበት፤ ይህም ለከርነሉ ጸሐፊዎች ከባድ ሸክም ነው። ዴቢያን በኦገስት 2025 ባወጣው 13ኛ እትሙ ለዚህ ዓይነት ኮምፒዩተር ከርነልና መጫኛ ማዘጋጀቱን አቁሟል። ጊዜን በ32 ቢት የሚቆጥሩ አሮጌ ፕሮግራሞችም ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ቁጥራቸው ሞልቶ ይገለበጣል። ከርነሉ በ2020 በወጣው በ5.6 ለዚህ መድኃኒት አዘጋጅቷል፤ የየፕሮግራሙ ጉዳይ ግን የየባለቤቱ ነው። ከእነዚህ ኮምፒዩተሮች ለኔትዎርክ የማይገናኝ፣ አንድ የፊዚክስ መሣሪያ ብቻ የሚያነብ ካለ ይቀመጥ፤ የቀረው ይሂድ። ኤሌክትሪክም ይበላል።

ይህን ጋዜጣ የምናባዛበት የስቴንስል መኪናም እኮ ከሁሉ የሸመገለ ነው። የሚቆየው ግን ስለምንወደው አይደለም። ስቴንስሉና ቀለሙ እስከተገኘ ድረስ፣ ሮለሩንም የሚጠርግ ልጅ እስካለ ድረስ ይሠራል፤ አንዱ የቀረ ዕለት ያበቃል። ከሩቅ አገር ተነሥቶ «ከዛሬ ጀምሮ አትባዛ» የሚለው ግን የለም።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ እናውቃለን፤ ከራሳችን ጓደኞች የመጣ ስለሆነ ልናልፈው አይገባም። «ልብሱም ሰልባጅ፣ ኮምፒዩተሩም ሰልባጅ! ሌላው ዓለም የጣለውን እስከ መቼ ነው የምንለቅመው? እናንተ አሮጌው ይበቃናል ስትሉ አስተዳደሩ አዲስ ላለመግዛት ምክንያት ያገኛል» ይሉናል። ይህ ንግግር እውነት አለበት። አዲስ ኮምፒዩተር መጠየቅ መብታችን ነው፤ ማኅበሩም መጠየቁን አያቆምም። ነገር ግን አዲሱ እስኪመጣ ድረስ የሚሠራውን ቆልፎ ማስቀመጥ አዲሱን አያፋጥንም። አስተዳደሩ ተጨንቆ ይገዛል ብሎ የሚያስብ ካለ የባዶ ጠረጴዛዎችን ቁጥር ይመልከት፤ ከተነሡ ወዲህ ማን ተጨነቀ? ሌላም ነገር አለ። ከርነል የተባለውን ነገር በመጽሐፍ የተማረ ተማሪ ለፈተና ያውቀዋል። በእምቢተኛ ብረት ላይ ከርነል ሲያነሣ ያደረ ተማሪ ግን ሜሞሪ እንዴት እንደሚከፈል፣ ካርድ እንዴት ፕሮሰሰሩን እንደሚጠራ በእጁ ያውቀዋል። ለዚህ ትምህርት አዲስ ኮምፒዩተር አይመችም፤ ሁሉ ነገር በመጀመሪያው ይሠራልና።

እንግዲህ የምንጠይቀውን እንናገር። ከአስተዳደሩ የምንጠይቀው ማንኛውም ኮምፒዩተር ተፈትኖ እንጂ በዝርዝር ታይቶ ብቻ እንዳይሠረዝ ነው። ፈተናው ገንዘብ አይጠይቅም። ሊኑክስ ከፍላሽ ስለሚነሣ ዲስኩ ሳይነካ በሩብ ሰዓት ይታያል። ኔትዎርኩ ይሠራል ወይ? ስክሪኑስ? ሜሞሪውን ሌሊቱን የሚፈትን ፕሮግራም አለ፤ ያንን ያለፈ ኮምፒዩተር ሽማግሌ ቢሆንም ጤነኛ ነው። ያላለፈውንም መጣል ሳይሆን መፍታት ነው፤ ከሦስቱ ሁለት ደኅና ይወጣል። ግምጃ ቤት የገቡትም ቢሆኑ አቧራ ጠጥተው ሳይበላሹ ለዚህ ፈተና እንዲወጡ እንጠይቃለን።

ከተማሪው የምንጠይቀው ደግሞ ይበልጣል። ኮምፒዩተሩ እምቢ ሲል «ተበላሸ» አይበቃም። ከርነሉ ሲነሣ የሚጽፈው መዝገብ አለ፤ የቱ ካርድ እንደታወቀ፣ የቱ እንዳልታወቀ፣ የት ላይ እንደቆመ በቃሉ ይናገራል። ያ መዝገብ ከኮምፒዩተሩ ስምና ከከርነሉ እትም ጋር ይቀመጥ። በሊኑክስ ሰዎች ዘንድ አንድ ጽኑ ሕግ አለ፤ ትናንት ይሠራ የነበረ ነገር በአዲሱ እትም ከተሰበረ ጥፋቱ የከርነሉ ነው፤ መታረም አለበት። ይህ ሕግ ለእኛ ለድሆቹ የተጻፈ ያህል ይጠቅመናል። ግን ሕጉን የሚጠራ ከሳሽ ይፈልጋል። «በአሮጌው እትም ይሠራል፤ በአዲሱ አይሠራም» ብሎ መጻፍ ለክሱ መጀመሪያ ይበቃል። ከዚያም አልፎ የሰበረውን ለውጥ ለይቶ ማቅረብ ይቻላል። በሁለት እትሞች መካከል ዐሥር ሺሕ ለውጦች ቢኖሩ መካከለኛውን እየሞከሩ ግማሽ ግማሹን በማስወገድ በዐሥራ አራት ሙከራ ጥፋተኛው ይያዛል። ለሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሚከብድ አይደለም፤ ትዕግሥትና መብራት ይጠይቃል። መብራቱን በተመለከተ ቃል አንገባም።

ለዚህ ሥራ ማኅበሩ አንድ ቡድን እንዲያቋቁም ለጠቅላላው ጉባኤ ሐሳብ አቅርበናል። ቡድኑ በየላቦራቶሪው ያሉትን ኮምፒዩተሮች ዓይነትና የፈተና ውጤት በአንድ መዝገብ ይጽፋል፤ መዝገቡም በዚህ ጋዜጣ በየጊዜው ይወጣል። ከርነሉ ላይ ስሕተት ሲገኝ ለሚመለከታቸው ጠባቂዎች ይጽፋል። ከሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ ማኅበራት ጋርም መዝገቡን ይለዋወጣል፤ ብዙዎቻችን አንድ ዓይነት ኮምፒዩተር ይዘን ለየብቻ እንደክማለንና። ስም የሚሰጥ ተማሪ፣ የየትኛውም ፋኩልቲ ቢሆን፣ ለጋዜጣው ክፍል ይስጥ። የመጀመሪያው ፈተና የሚደረገው ገና ባልተነሡት ኮምፒዩተሮች ላይ ነው። 8 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ የሚይዝ ፍላሽ ያለው ይዞ ይምጣ፤ ጠመንቻም እንዲሁ፤ የላቦራቶሪው ከጠፋ ሰንብቷል።